የእሑድ ትምህርት፦ መኪና በመኪና ስትለውጡ ጭማሪው በትክክል ስንት ነው?



ዛሬ እሑድ ነው፤ ኒውዮርክም የእኛው ምርት ገበያም ዝግ ስለሆነ የዋጋ ዝርዝር የለም። እንደ ልማዳችን አንድ ትምህርት እናያለን። ርዕሱ መኪና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሒሳቡ የእኛው ሒሳብ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ያለችኝን መኪና ሰጥቼ ከሷ የበለጠ ጉልበት ያላትን ልወስድ ነው። የጠየቁኝ ጭማሪ ያዋጣኛል ወይ?» መልሱን ለብቻው ልጽፍለት ጀመርኩና ረዘመብኝ። ምክንያቱም ይኼንኑ ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ ደውሎ ጠይቆኝ፣ ሁለት ሌሊት በስልክ ተቀምጠን በቁጥር ፈትተነዋል። እሱን አስፈቅጄ ለሁላችሁም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ በጤፍ እንየው

አንድ ሰው አንድ ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ ይዞ እህል ተራ መጣ እንበል። «ይኼን ውሰዱና ማኛ ስጡኝ፣ ልዩነቱን እከፍላለሁ» ይላል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ውሰዱት፤ ነጋዴው ሰርገኛውን በ10,000 ብር ይገዛል፣ በ10,600 ይሸጣል። ማኛውን በ13,400 ይገዛል፣ በ14,000 ይሸጣል።

ደንበኛው ሲመጣ በልቡ የያዘው ልዩነት 3,400 ብር ነው፤ የሁለቱንም የመሸጫ ዋጋ ጠይቆ ነዋ የመጣው። የሚከፍለው ግን 4,000 ብር ነው። የሱ ሰርገኛ የሚታሰበው በመግዣ ዋጋ፣ የሚወስደው ማኛ ደግሞ በመሸጫ ዋጋ ነው። 600 ብሯ የት እንደገባች ሳያውቅ ከፍሎ ይሄዳል።

ይኼ ሌብነት አይደለም። ነጋዴው መጋዘን ይከራያል፣ ወዛደር ይከፍላል፣ ገንዘቡን እህል ላይ አስሮ ያድራል። ስህተቱ ደንበኛው ጋ ነው። ሁለት ግብይት እያደረገ አንድ ግብይት መስሎታል። አንድ ጊዜ ሻጭ ነው፣ አንድ ጊዜ ገዢ ነው፤ በሁለቱም በኩል ደግሞ ለሌላው የሚመች ዋጋ ነው የሚደርሰው።

በቡናም ያው ነው። ላኪዎች «የኒውዮርክ ዋጋ ሲደመር ይኼን ያህል ሳንቲም» እያሉ የሚዋዋሉት፣ ዋናው ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም መጨረሻ ላይ ኪስ የሚነካው ልዩነቱ ስለሆነ ነው። መኪና በመኪና መለወጥም የልዩነት ንግድ ነው። ይኼን ይዘን ወደ ወንድሜ እንሂድ።

ከጂቲ ወደ ጂቲ 500

ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ በከባድ መኪና ጭነት ያመላልሳል። በፈረንጆቹ 2021 የአሜሪካ የጭነት ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ጥሩ ገንዘብ አገኘና የልጅነት ምኞቱን ገዛ፤ የ2019 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ። 5.0 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 460 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ያላት። ፎቶዋን ሲልክልን እማዬ «እንዲህ ዝቅ ብላ ጉድጓድ አያገኛትም?» ማለቷን አስታውሳለሁ።

በ2023 ክረምት ደግሞ አንድ ዲለር ጋ ያገለገለች የ2021 ሼልቢ ጂቲ 500 አየ። ለማታውቋት፦ ሼልቢ የሚለው ስም የመጣው ከእሽቅድምድም ነጂውና ከመኪና ሠሪው ከካሮል ሼልቢ ነው፤ የመጀመሪያዋ ጂቲ 500 የወጣችው በ1967 ነው። ወንድሜ ያያት ዘር የተሠራችው ከ2020 እስከ 2022 ብቻ ነው። 5.2 ሊትር ቪ8 ሞተር አላት፤ አየር በኃይል የሚገፋ ሱፐርቻርጀር ተጨምሮበት 760 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ከውጭ ስታዩአት እህትማማች ናቸው። በወረቀት ላይ ግን ልዩነታቸው ድፍን 300 ፈረስ ነው።

ደወለና «ስማ፣ አንተ ደላላ አይደለህ? ሒሳቡን እይልኝ። በወር 726 ዶላር ብቻ ነው የምጨምረው» አለኝ።

«ብቻ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ዋጋ ሲነግሩን «ብቻ» የሚጨመርበት ቦታ ሁሉ ቆም ብሎ ማየት የሥራ ጠባዬ ሆኗል።

አራቱ ሳጥን

የላከልኝ ወረቀት በመስቀል ቅርጽ አራት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ ሳጥን ያንተ አሮጌ መኪና ዋጋ፣ ሁለተኛው የምትገዛው መኪና ዋጋ፣ ሦስተኛው ቅድሚያ ክፍያ፣ አራተኛው የወር ክፍያ። በአሜሪካ መኪና ሻጮች ዘንድ የታወቀ ያረጀ ዘዴ ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ አንዱ ሳጥን ላይ ስትከራከር እሺ ይሉህና በሌላው ሳጥን ይመልሱታል። አንተ አንድ ቁጥር ታያለህ፣ እነሱ አራቱንም ያያሉ።

እህል ተራ የሠራችሁ ይኼን ታውቁታላችሁ። «በዋጋው ተስማምተናል» ብሎህ በሚዛኑ ላይ የሚመጣ፣ ሚዛኑ ትክክል ሲሆን «እርጥበት አለው፣ ባዕድ ነገር አለው» ብሎ ኪሎ የሚቆርጥ ገዢ አለ አይደል? ያው ነው።

ወረቀቱ ላይ የነበረውን ላስቀምጥ፦

1. ለጂቲዋ የሰጡት ዋጋ 27,500 ዶላር
2. በጂቲዋ ላይ የቀረ የባንክ ዕዳ 19,000 ዶላር (በወር 580፣ 36 ወር ይቀረዋል)
3. የጂቲ 500ዋ ዋጋ 88,000 ዶላር
4. የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ፣ ማለትም 3,652 ዶላር
5. የወረቀት ሥራ ክፍያ 900 ዶላር
6. አዲሱ የወር ክፍያ 1,306 ዶላር

ወለዱና የክፍያው ዘመን ከታች በትንሽ ጽሑፍ ነበር፦ 7.9 በመቶ፣ 84 ወር። ሰባት ዓመት ማለት ነው። በትልቁ የተጻፈችው 1,306 ሲቀነስ 580፣ እሷው 726 ነበረች።

ወረቀቱን ስንፈታው

ጂቲዋ 27,500 ተገምታ 19,000 ዕዳዋ ሲነሳ የወንድሜ ድርሻ 8,500 ዶላር ነው። የአዲሷ ዋጋ፣ ግብሩና የወረቀት ክፍያው ተደምሮ 92,552 ይሆናል። ከዚህ 8,500 ሲቀነስ 84,052 ዶላር አዲስ ብድር። በ84 ወር ሲከፈል ጠቅላላው 109,704 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 25,652ቱ ወለድ ነው።

አሁን ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጂቲዋን ይዞ ቢቀጥል ከዚህ በኋላ የሚከፍለው 580 ዶላር ለ36 ወር፣ 20,880 ብቻ ነው፤ በ2026 መኪናዋ ከዕዳ ነጻ የሱ ትሆናለች። ቢለውጥ 109,704። ልዩነቱ 88,824 ዶላር።

«በወር 726» የተባለው ውሸት አልነበረም፤ ግን እውነት የሚሆነው ለመጀመሪያዎቹ 36 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 48 ወራት ሙሉ 1,306ቱ ጭማሪ ነው፤ የድሮው ዕዳ ያልቅ ነበራ! ወረቀቱ 580ዋን ለዘላለም የምትቀጥል አድርጎ ነው ያቀናነሳት።

ወንድሜ ዝም ብሎ ቆየና «300 ፈረስ ግን እኮ…» አለ። እሺ፣ በፈረስ እንቁጠረው አልኩት። 88,824ን ለ300 ስናካፍል አንዱ ፈረስ 296 ዶላር። እኛ ዋጋን በፈረሱላና በኩንታል ካልቀየርነው አይገባንም፤ ይኼም መለኪያው ነው። በርግጥ ፍሬኑም፣ ካምቢዮውም፣ ጎማውም አብሮ ነው የሚያድገው፤ ፈረስ ብቻ አይደለም የሚገዛው። ግን ቢያንስ ዋጋውን በአንድ መለኪያ ማየት ጀመርን።

ከውጭ ዋጋ ጠይቁ

ቀጥሎ ያልኩት፦ «ጂቲዋን ሌላ ቦታ አስገምታት»። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሌላ ድርጅት በጽሑፍ 30,500 ዶላር ሰጠው። የ3,000 ዶላር ልዩነት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ።

ወረቀቱን ይዞ ወደ ዲለሩ ተመለሰ። ወዲያው «እኛም 30,500 እንሰጣለን» አሉት። ደስ ብሎት ደወለልኝ። «የጂቲ 500ዋስ?» አልኩት። ቅናሹ ተነስቶ 90,500 ሆናለች።

አስሉት። በፊት የሁለቱ ልዩነት 60,500 ነበር፤ አሁን 60,000 ሆነ። 500 ዶላር ቀነሰ። ግን የመኪናዋ ዋጋ በ2,500 ስላደገ ግብሩም በ104 ዶላር ገደማ አደገ። 3,000 ሰጠንህ ያሉት 396 ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሳጥን ሰጥተው በሌላው ወሰዱት።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነጥብ አለ፤ በተለይ አሜሪካ ላላችሁ ተከታታዮቻችን። በብዙዎቹ ግዛቶች መኪና በመኪና ስትለውጡ የሽያጭ ግብር የምትከፍሉት በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው። ለምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ ግብሩ 6.25 በመቶ ነው፤ 27,500 የሚያወጣ መኪና ብታስረክቡ 1,719 ዶላር ያህል ግብር ይቀርላችኋል። ቨርጂኒያ ግን ግብሩን የሚያሰላው በሙሉው የመሸጫ ዋጋ ላይ ነው፤ አሮጌውን ማስረከባችሁ አይታሰብም። ስለዚህ ወንድሜ ጂቲዋን ለዚያው ዲለር የሚሰጥበት የግብር ምክንያት አልነበረውም። ቴክሳስ ቢሆን ኖሮ እንኳ 3,000 ከ1,719 ይበልጣል፤ ውጭ መሸጡ ያዋጣው ነበር። የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ ሳታዩ «ለእነሱው ብትሰጥ ይቀልሃል» የሚለውን አትቀበሉ።

«ዋጋዋ እኮ አይወርድም»

የወንድሜ ጠንካራ መከራከሪያ ይኼ ነበር። በሦስት ሞዴል ዓመት ብቻ የተሠራች ናት፣ ፈላጊ አላት፣ እንደ ተራ መኪና አትረክስም። ልክ ሊሆን ይችላል፤ አልተቃወምኩትም። ግን በቆሎ አከማችቶ የሚጠብቅ ነጋዴ የመጋዘኑን፣ የነቀዙንና የወለዱን ወጪ ካልቆጠረ ዋጋ ቢወጣለትም ሊከስር ይችላል። 88,000 ላይ ወለዱን፣ ግብሩንና የወረቀቱን ክፍያ ብንደምር 118,204 ዶላር ይመጣል። በሰባተኛው ዓመት በዚህ ዋጋ ካልተሸጠች፣ «አልረከሰችም» ማለት «አልከሰርኩም» ማለት አይደለም። ኢንሹራንሱን፣ ጎማውንና የቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች በየዓመቱ በመኪና ዋጋ ላይ የሚያስከፍሉትን ግብር ገና አልነካንም።

ሌላም ነገር አለ። ጉልበቱን የት ነው የሚጠቀምበት? በቨርጂኒያ ሕግ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት እንደ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይታይም፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነው። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው የሆነ ሰው ይኼን እንደ ቀልድ አያየውም። 460ውም ፈረስ እኮ ከዚህ ፍጥነት በደቂቃ ክፍልፋይ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ሌሊት ላይ ቁጥሩን ተውነውና ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁት። የጭነት ዋጋ ከ2022 ጀምሮ እየወረደ ነበር፤ የሱም ገቢ ከደጉ ጊዜ ሲሶው ቀንሷል። «ጭነት ለሁለት ወር ቢጠፋ መጀመሪያ የምትቆርጠው የትኛውን ነው?» አልኩት።

መቁጠር ጀመረ። የከባድ መኪናው ክፍያ አይቆረጥም፤ እንጀራው ነው። የቤት ኪራይ አይቆረጥም። የጂቲ 500ዋ ክፍያ ቢያልፍ መኪናዋን ይወስዷታል፣ የብድር ታሪኩም ይበላሻል። የቀረው ለእማዬ በየወሩ የሚልከው 400 ዶላር ነው። እማዬ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷና የምትረዳት ልጅ ደመወዝ ከዚያው ነው የሚወጣው። እኔ የቻልኩትን አደርጋለሁ፤ ትልቁን የሚሸከመው ግን እሱ ነው።

ስትዘገይባት የቅጣት ደብዳቤ የማትልከው እማዬ ብቻ ናት። ይኼን እኔ አልነገርኩትም፤ ሲቆጥር ራሱ ደረሰበት። ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

በዚህ እሱን ለመፍረድ አፍ የለኝም። በ2013 ዓ.ም. እኔው ቪትዜን በኮሮላ ስለውጥ 450,000 ብር ጨመርኩ። ገንዘቡ የበቆሎ መግዣዬ ነበር፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ምርት ሲገባ ገዝቼ ክረምት ሲቃረብ የምሸጥበት። መኪናዬ ምንም አልሆነችም ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይኼን። በዚያ ክረምት በቆሎ ሲወጣ በኮሮላዬ መስኮት እያየሁ አለፍኩ፤ የመስከረሙን የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከሰው ተበደርኩ። ሚስቴ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔ ግን የዚያን ዓመት ሒሳብ ደብተር እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ምን አደረገ?

አልለወጠም። ግን «ምኞትህን እርሳው» አላልኩትም፤ ምኞት በሒሳብ አይጠፋም። ከዋሽንግተን አካባቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል የእሽቅድምድም ሜዳ አለ። ጂቲዋን ይዞ አንድ ቀን ከአሠልጣኝ ጋር እዚያ ነዳ። ማታ ደውሎ «ያለኝንም ጉልበት ገና አልነዳሁትም። ከኔ ኋላ በትንሽ መኪና የመጣ ሽማግሌ ሰውዬ በየመታጠፊያው ጥሎኝ ሄደ» ብሎ ሳቀ። ለቀሪው ገንዘብ የተሻለ ጎማና የፍሬን ሸራ ገዛ። አንድ ነገርም አስተዋለ፦ ጂቲ 500ዋ ፍሪሲዮን የላትም፤ በራሷ ማርሽ የምትቀይር ባለ 7 ፍጥነት ካምቢዮ ብቻ ነው ያላት። ማርሽ በእጁ መቀየር ደግሞ የሱ ትልቁ ደስታ ነው። በ88,824 ዶላር ውስጥ የሚወደውን ነገር ሊያስረክብ ነበር ማለት ነው።

አሁንም ጂቲ 500 ይወዳል። ፎቶ ይልክልኛል። የሚልካቸው ግን ከነሙሉ ዋጋቸው ነው፤ የወር ክፍያ ጽፎልኝ አያውቅም።

ለጠየቀኝ ተከታታይና ለሁላችሁም፣ ከመፈረማችሁ በፊት፦

1. ሁለቱን ግብይት ለዩ። መጀመሪያ የምትገዙትን መኪና ሙሉ ዋጋ፣ ግብሩንና ሁሉን ወጪ ጨምሮ በጽሑፍ ተቀበሉ። ያላችሁን መኪና የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው።
2. የራሳችሁን መኪና ቢያንስ ሁለት ቦታ አስገምቱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አንድ ደላላ ብቻ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን እየበላ እንዲያገናኛችሁ አትፍቀዱ፤ እኔ ራሴ ደላላ ሆኜ ነው የምላችሁ።
3. የወር ክፍያ ሲነግሯችሁ በወሩ ቁጥር አባዙት። ከዚያ አሁን ካላችሁበት ዕዳ ቀሪ ጋር አነጻጽሩት።
4. አንዱ ቁጥር ሲሻሻልላችሁ የቀሩትን እንደገና አንብቡ።
5. ጭማሪው ከየት ኪስ እንደሚወጣ ጻፉ። ከመንቀሳቀሻ ገንዘብ ከሆነ፣ በዚያ ገንዘብ በዚህ ወቅት ምን ትገዙበት እንደነበር አብራችሁ ጻፉ።
6. ገቢ ቢቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠውን በስሙ ጥሩት። ሰው ከሆነ፣ ሰውዬውን ወይም ሴትዮዋን በስም ጻፉ።

ይኼን ሁሉ ቆጥራችሁ አሁንም ከፈለጋችሁትና ከቻላችሁት፣ ግዙ፤ በደስታም ንዱት። ዋጋውን አውቆ የገዛ ሰው አይቆጭም።

ለቻናላችን ጠያቂ፦ መኪናህንና የተባልከውን ጭማሪ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እንቆጥረዋለን። ሌሎቻችሁም ሊለውጥ የተነሳ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።

ነገ ጠዋት የቡናና የእህል ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ። መልካም ሳምንት፣ መልካም ገበያ!